ጉልበቱ የት ይቀራል?

ቅዳሜ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ዮትሱጊ፣ ቶኪዮ

ዛሬ የመኪናዋን ቦርድ ነቅዬ አወጣሁ። ሚኒ-ዚ ናት፤ ኪዮሾ የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረባት፣ በ1 ለ28 መጠን የተሠራች፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ የሪሞት መኪና። የእኔዋ ኤምአር-02 የሚሉት ዓይነት ስትሆን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛኋት ናት። በአራት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋዮች ትሄዳለች። ቦርዷ ሁለት ጣት ቢሞላ ነው፤ ሆኖም ሬዲዮውን የሚቀበለው፣ መሪውን የሚያዞረውና ሞተሩን የሚነዳው ክፍል ሦስቱም እዚያው ላይ ተቀምጠዋል።

ሞተሯን ቀድሜ ቀይሬላታለሁ። አዲሱም መጠኑ ያው 130 የሚሉት ነው፤ ርዝመቱ 25፣ ወርዱ 20፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከወንዝ ማዶ ማትሱዶ ከተማ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው የሞተር ድርጅት ማቡቺ ዓለምን ያዳረሰበት መጠን ነው። በልጅነታችን ከተሰበረ መጫወቻ አውጥተን በባትሪ ድንጋይ እናዞረው የነበረው ሞተርም የዚሁ ዘር ነው። የአዲሱ ሽቦ ወፈር ያለ፣ ጥቅልሉም ያነሰ ስለሆነ ብዙ ከረንት ይስባል። ጥቂት ዙር ከነዳኋት በኋላ ቦርዱ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጥቁር ቺፖች ጣት አያስጠጉም።

ልጄም አጠገቤ ቆማ ስትነካቸው እጇን ቶሎ ሰበሰበችና፣ «አባዬ፣ የጨመርክላት ጉልበት ነው ወይስ ሙቀት?» አለችኝ።

ጥያቄዋን እዚህ ያሰፈርኩት ነገሩን ከሥሩ ስለያዘችው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ጉልበት መጨመር» ይላል። እኔ ግን ከዓመት ዓመት እየጠነከረ የመጣብኝ እምነት ሌላ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ትንሽ መኪና ላይ የሚጨመር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጉልበቱ ባትሪው ውስጥ አለ። ከባትሪው ተነሥቶ ሞተሩ ጋ ሳይደርስ የሚቀረውን ግን በየመንገዱ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

እሑድ፣ ጥር 4

ከቅዳሴ መልስ አኪሃባራ ሄድኩ። ከዮትሱጊ በኬይሴይ መስመር እስከ አሳኩሳባሺ፣ ከዚያ በሶቡ ባቡር አንድ ፌርማታ ነው። አኪሃባራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሥዕል ፊልሞቹንና የጨዋታ ሱቆቹን ነው፤ እኔ ግን የምገባው ከባቡር ሐዲዱ ሥር ወዳለው ራዲዮ ሴንተር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየመንገዱ የሬዲዮ ዕቃና የአምፑል ቱቦ ይሸጡ የነበሩ ሰዎች፣ በ1949 እ.ኤ.አ. የመንገድ ላይ ንግድ ሲከለከል ሐዲዱ ሥር ቦታ ተሰጣቸው። ያን ጊዜ የተሸነሸነው ቦታ ዛሬም እንደዚያው ጠባብ ነው። ሻጩ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ዕቃው ዙሪያውን ከቦታል፣ ገዢው ደግሞ በአንድ ሰው መተላለፊያ ላይ በጎን ይቆማል። አንዱ ሽቦ ብቻ ይሸጣል፣ አንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ፣ አንዱ ትራንስፎርመር ብቻ። መርካቶ ያደገ ሰው እዚህ አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ አለው።

የሚግሉትን ሁለት ቺፖች ለመተካት የፈለግሁት አይአርኤፍ7317 የሚባለውን ቺፕ ነበር። ኢንተርናሽናል ሬክቲፋየር የሠራው ነው፤ ድርጅቱ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢንፊኒየን ነው። የሚኒ-ዚ ሰዎች ለዓመታት ሲያነሡት የኖሩት ቺፕ በመሆኑ አሁን እንደልብ አይገኝም። አንድ ሽማግሌ ሻጭ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩና አንድ ትንሽ መሳቢያ ሳቡ። አልጠየቁኝም፣ አልተጠራጠሩምም። ከዚያ ግን ቺፖቹን ከረጢት ውስጥ እየከተቱ፣ «ለመኪና ነው?» አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ «ከሁለት በላይ አትደርብ» አሉ። ምክንያቱን ልጠይቃቸው ስል ሌላ ገዢ መጣ።

እርሳስ ያለበት የሶልደር ሽቦም ገዛሁ፤ 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ። በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ዛሬ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት እርሳስ የሌለበት ዓይነት 217 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ ለዚህ ለሚያህል ቦርድ እነዚያ ሠላሳ ምናምን ዲግሪዎች ትልቅ ልዩነት ናቸው።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ማታ ከሥራ መልስ የቺፑን የመረጃ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች፤ እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ።

ሞተሩን የሚነዳው ክፍል ኤች-ብሪጅ ይባላል። አራት ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው፤ ሞተሩ መሃላቸው ነው። በሰያፍ የሚተያዩት ሁለቱ ሲበሩ ሞተሩ ወደፊት ይዞራል፣ የቀሩት ሁለቱ ሲበሩ ወደኋላ። ማብሪያ ማጥፊያ ያልኳቸው ፌት የሚባሉ ትራንዚስተሮች ናቸው። ከቦርዱ ሁለት ቺፖች እያንዳንዱ ሁለት ፌት ይዟል፤ አንዱ ፒ፣ አንዱ ኤን። ከረንቱ በአንደኛው ቺፕ ፒ በኩል ይገባል፣ ሞተሩን ያልፋል፣ በሌላው ቺፕ ኤን በኩል ይወጣል። ስለዚህ መኪናዋ በሄደች ቁጥር ሁለት ፌቶች መንገዱ ላይ አሉ፤ ሁለቱም ያስከፍላሉ።

ምን ያህል ያስከፍላሉ? ወረቀቱ፣ ጌቱ (ፌቱን የሚያበራው እግር) 4.5 ቮልት ሲያገኝ የ7317 ኤን ቢበዛ 29 ሚሊ ኦም፣ ፒው ቢበዛ 58 ሚሊ ኦም ነው ይላል። ድምሩ 87። መኪናዋ ስትነሣ 4 አምፒር ሳበች እንበል። 4 በ0.087 ሲባዛ 0.35 ቮልት ገደማ ነው። ከአራቱ ባትሪ ድንጋዮች 4.8 ቮልት ላይ ከመቶ ሰባት እጁ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ሙቀቱ ደግሞ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በኦሙ ሲባዛ ነው፤ 16 በ0.087፣ 1.4 ዋት። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ርዝመታቸው 5፣ ወርዳቸው 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ሁለት ቺፖች ላይ ነው። ልጄ ቁጥሩን አስምራበት፣ «ሙቀቱ ይኸው» አለች።

አሁን በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ አንድ ተመሳሳይ ቺፕ ብንደርብ፣ እግር በእግር ብንበይደው፣ ከረንቱ ሁለት መንገድ ያገኛል። 87ቱ 43.5 ይሆናል፤ ኪሳራው ወደ 0.17 ቮልት፣ ሙቀቱ ወደ 0.7 ዋት ይወርዳል። ያውም በአራት ቺፖች ላይ ተከፋፍሎ። ሦስተኛ ብንደርብስ? 29 ሚሊ ኦም፣ 0.12 ቮልት። የመጀመሪያው ድርብ 0.17 ቮልት አዳነ፣ የሁለተኛው ድርብ ትርፍ 0.06 ብቻ ነው። አራተኛ ሲደረብ የሚገኘው ከዚያም ያነሰ ነው።

በዚህ ላይ ጌቱ አለ። የፌት ጌት በበራ ቁጥር ቻርጅ መሞላት፣ በጠፋ ቁጥር መራገፍ አለበት። ቺፕ በተደረበ ቁጥር የሚሞላው ይበዛል፤ የሚሞላው ግን ለሁለት ቺፕ ብቻ የታሰበ ያው ደካማ መቆጣጠሪያ ነው። ሳይሞላ የዘገየ ፌት ደግሞ ግማሽ በርቶ ግማሽ ጠፍቶ ይቆያል፤ በጣም የሚግለውም ያኔ ነው። የአኪሃባራው ሽማግሌ «ከሁለት በላይ አትደርብ» ያሉኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ልጄ አንድ ነገር አልገባትም ነበር፤ ለምን ሒሳቡን «ስትነሣ» ብለን ሠራነው? የሚዞር ሞተር ራሱም ቮልት ያመነጫል፣ ከባትሪው ጋር የሚገፋፋ። በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ግፊያው ከፍ ስለሚል ከረንቱ ያንሳል፤ ከረንቱ ሲያንስ በመንገድ የሚቀረውም ያንሳል። ቆሞ ሲነሣ ግን የሚገፋፋው የለም፤ ከረንቱን የሚይዘው የሽቦው፣ የባትሪውና የፌቶቹ ኦም ብቻ ነው። እናም ይህ ሥራ የመጨረሻ ፍጥነቷን ብዙም አይለውጠውም። የሚለውጠው አነሣሷንና ከመታጠፊያ አወጣጧን ነው። ውድድር የሚወሰነው ደግሞ እዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ትርፍ ሰዓት ስለነበረ አምሽቼ ገባሁ። ቦርዱን አልነካሁትም፤ ስለ ባትሪ ብቻ ልጻፍ።

1.5 ቮልት የሚለው አልካላይን፣ 1.2 ከሚለው ቻርጅ ከሚደረገው ኒኬል ባትሪ የሚበልጥ ይመስላል። አራቱ ሲደመሩ 6 እና 4.8 ናቸው። ይሁንና አልካላይኑ ውስጡ ብዙ ኦም አለው፤ ብዙ ከረንት ሲጠየቅ ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል። ኒኬሉ ዝቅ ብሎ ይነሣል እንጂ ሲጠየቅ ይጸናል። ሳንዮ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤነሉፕ ቻርጁን ለወራት ስለሚይዝ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ የሞተ ባትሪ ማግኘት ቀረ። እዚህም ነገሩ ያው ነው፤ ዋናው ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቮልት ሳይሆን ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ነው።

ዓርብ፣ ጥር 9

በየድኩ።

አሮጌዎቹን ቺፖች ሳነሣ እግር በእግር አልታገልኩም፤ ብዙ እርሳስ አፍስሼ የአንዱን ወገን አራት እግሮች አንድ ላይ አቀለጥኩና አነሣኋቸው፣ ከዚያ ሌላውን ወገን። ቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ መስመር ቀጭን ነው፤ ከተሳበ አብሮ ይላጣል። ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ መዳቡ ከተላጠ ቦርዱ አበቃለት።

በአዲሶቹ ላይ አንደኛው እግር ያለበትን ወገን የምታሳይ ትንሽ ምልክት አለች። የላይኛውና የታችኛው ምልክት አንድ ወገን መሆን አለበት። በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር ነው፤ በማጉያ መነጽር እንጂ በባዶ ዓይን አይታመንም። የላይኛውን ቺፕ እግሮች ታችኛውን እንዲነኩ ቀስ ብዬ ወደ ታች አቀናኋቸው፣ ፍላክስ ቀባሁ፣ ጥግና ጥጉን በየድኩ፣ ትክክል መቀመጡን አየሁ፣ ከዚያ የቀሩትን። የመበየጃው ጫፍ እግሩ ላይ የሚቆየው አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ሙቀቱ ወደ ቺፑ ሆድ ይገባል።

ባትሪ ከማስገባቴ በፊት በቴስተር ጎረቤት እግሮችን ሁሉ ነካካሁ። ልጄ ቁጥሩን ታነብልኝ ነበር። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ባለቤቴ ጋቢ አምጥታ ልጅቷ ላይ ጣለችባት። በዚህ ብርድ መስኮት መክፈት ከባድ ነው፤ የፍላክስ ጢስ ግን ለሳንባ አይሆንም፣ እርሳስ ከነኩ በኋላም እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ አይቆረስም።

እሑድ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ማታ ጋሼ መጡ። እዚህ ሰፈር ያለን ሐበሾች የምናከብራቸው አባት ናቸው፤ አዲስ አበባ ሳሉ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ቡና እየተፈላ ቦርዱን አሳየኋቸው። ብርሃን ሥር ይዘው አገላበጡት።

«ደርበኸዋል?»

«አዎ ጋሼ፤ ሁለት ሁለት።»

«ሬዚስተሩ የታለ?»

አልገባኝም ነበር። እሳቸው ሲያስረዱኝ፣ በነሱ ጊዜ በማጉያ ላይ ትራንዚስተር ሲደረብ በያንዳንዱ ኤሚተር ላይ ትንሽ ሬዚስተር ካልገባ አንደኛው ከረንቱን ሁሉ ጠቅልሎ ይወስድና ይቃጠላል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው። ልክ ናቸው። የድሮው ትራንዚስተር ሲሞቅ ይበልጥ ይከፈታል፤ የሞቀው ብዙ ይስባል፣ ብዙ የሳበው ይበልጥ ይሞቃል። ፌት ግን ተቃራኒ ነው። ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፣ ኦሙ የጨመረው ከረንቱን ለቀዝቃዛው ይለቃል፤ እንዲህ እያሉ ያለ ሬዚስተር እርስ በርስ ይመጣጠናሉ። ይህ ጠባይ ባይኖር ኖሮ መደረብ የሚባል ሥራ አይኖርም ነበር።

ጋሼ ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «ሲሞቅ የሚሸሽ ነው በለኛ» አሉ። ከዚያ ልጄን አስጠርተው ስለ ድሮ ትራንዚስተር ብረት ክዳን፣ ስለ ሙቀት ማስተላለፊያው ቅባት፣ ጣት ምራቅ አስነክቶ ስለመለካት ነገሯት። ስለ ሥራቸው እንዲህ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ደብተሯን አምጥታ ጻፈች።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ከሥራ ስመለስ አንድ ፌርማታ አልፌ ታቴይሺ ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ። የመጫወቻ ድርጅቱ የታካራ ቶሚ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ታካራና ቶሚ በ2006 እ.ኤ.አ. ከመዋሐዳቸው በፊት ቶሚ በ2001 እ.ኤ.አ. ቢት ቻር-ጂ የተባለችውን አውራ ጣት የምታህል የሪሞት መኪና ያወጣው ከዚሁ ሰፈራችን ነው። መቆጣጠሪያዋ ላይ ተቀምጣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ቻርጅ ትሞላለች፣ ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ትሮጣለች። ሞተሯና ጥርሶቿ የሚለዋወጡ ስለነበሩ ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ሆኑባት፤ ትራንዚስተር መደረብ፣ ባትሪ መቀየር ሁሉ በሷም ላይ ተሞክሯል።

ያቺ መኪና የምትሠራው በአንዲት 1.2 ቮልት ባትሪ ነበር። እዚያ ላይ 0.3 ቮልት በመንገድ ቢቀር ሩቡ ቀረ ማለት ነው። ትንሽ መኪና ጥንቃቄ የሚያስተምረው ለዚህ ነው። በትልቅ መኪና ላይ 0.3 ቮልት ማንም አይፈልገውም፣ ማንም አያጣውም።

ዮትሱጊ ጣቢያ ስደርስ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ነበረች። ጣቢያው «ካፕቴን ጹባሳ» በተባለው የእግር ኳስ የሥዕል መጽሐፍ ሥዕሎች ያሸበረቀ ነው፤ ደራሲው የዚህ ሰፈር ልጅ ነው። ልጆቹ ስለ ቅዳሜ ጨዋታቸው ያወራሉ፤ ልጄ ግን አይታኝ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ኮንደንሰሮቹ ነው። ሞተሩ ላይ የተበየዱትን ትናንሽ ኮንደንሰሮች ማንሣት ጉልበት ይጨምራል ብሎ አንድ ልጅ ነግሯታል። አይጨምርም። የሞተሩ ካርቦኖች ሲዞሩ ብልጭታ ያወጣሉ፣ ብልጭታ ደግሞ ራሱ ሬዲዮ ነው። ኮንደንሰሮቹ ያን ካላፈኑት 27 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው መቀበያ የሪሞቱን ትእዛዝ ከብልጭታው መለየት ያቅተዋል፣ መኪናዋም ያልታዘዘችውን ትሠራለች።

እሑድ፣ ጥር 18

ዛሬ ትራኩ ላይ ሞከርናት። ከሱቅ ጀርባ ያለ ክፍል ነው፤ ወለሉ እየተገጣጠመ የሚዘረጋ ለስላሳ ንጣፍ፣ ጠርዙ ዝቅተኛ አጥር።

ቀጥታው ላይ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ይህን ቀድመን አስልተነው ነበር። ከጠባቡ መታጠፊያ ስትወጣ ግን ድሮ አንድ አፍታ ታመነታ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ወዲያው ትነሣለች። ልጄ እንዲያውም የኋላ ጎማዋ እየተንሸራተተ ነው ብላ ቀነስ አድርጋ መንዳት ጀመረች። ቺፖቹን በየመሃሉ ነካናቸው፤ ለብ ብለዋል እንጂ አያቃጥሉም። አሁን የሚግለው ሞተሩ ነው። ከቺፑ የዳነው ኃይል ሞተሩ ጋ ደርሷል፤ ሞተሩ ደግሞ ሁሉን ወደ መዞር አይለውጠውም። ማግኔት ከልክ በላይ ሲሞቅ ስለሚዳከም ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ማሳረፍ ጀምረናል።

ባትሪው ወደ ማለቁ ሲቃረብ አንድ ነገር አየሁ። ስትነሣ ድንገት ለቅጽበት ትሞትና ትመለሳለች። ሞተሩ ብዙ ሲስብ የባትሪው ቮልት ይወርዳል፣ ሲወርድ የመቀበያው አእምሮ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። መንገዱ በሰፋ ቁጥር ባትሪው ላይ የሚመጣው ጥያቄ ይበዛል። ስለዚህ ቀጥሎ የማየው የባትሪ መያዣውን ብረቶች ነው። በቴስተር ሚሊ ቮልት ላይ አድርጌ፣ ሞተሩ እየሳበ ሳለ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ግራና ቀኝ እለካለሁ። አሮጌ ብረት ላይ ያለ ስስ ዝገት ብቻውን አንድ ፌት የሚያህል ኦም ሊይዝ ይችላል፤ ያን ለማስለቀቅ ደግሞ አልኮልና ጨርቅ ይበቃል።

አንድ ወጣት መኪናዋን ሲያይ ቆይቶ የሱንም ቦርድ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ሁለት ሁለት እደርብልሃለሁ አልኩት፤ ሦስት ይፈልግ ነበር፣ የልጄን ደብተር አሳየሁትና ተስማማ። ቀጥሎ ደግሞ ሪሞቱን ከፍቼ የማስተላለፊያውን ኃይል እንድጨምርለት ጠየቀኝ። ያን አልነካም አልኩት። የጃፓን የሬዲዮ ሕግ እንዲያ ያለውን መለወጥ አይፈቅድም፤ አጠገቡ የሚነዳው ሌላ ልጅም በዚያው ሞገድ ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ያለውን ኦም ግን እስከ መጨረሻዋ ሚሊ ድረስ አብረን እንፈልጋለን። ቦርዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ቅዳሜ ይመጣል።